ደጋኑን የቀባሁት እኔ ነኝ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አለን ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ የት እንደምንለማመድ ይጠይቀኛል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ነው ስለው ደግሞ ይብስበታል። ይሳቅ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ጆንያውን ወደ ጥግ ገፋ እናደርግና ወንበር እንደረድራለን። ከቫዮሊን ሳጥን ውስጥ ነቀዝ አራግፌ አውቃለሁ። አዲስ በቆሎ የገባ ሰሞን ዋሽንት ነፊዎቹ ያስነጥሳሉ፤ እሱ እስኪበርድ ድረስ የእኛ የክር ተጫዋቾቹ ተራ ነው።

የመሠረትነው ሦስት ሆነን ነው። እኔ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሬ ወደ ተወለድሁበት የተመለስሁ የትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ ቫዮሊን እጫወታለሁ፣ ልጆቹንም ትልልቆቹንም አስተምራለሁ። ሁለተኛው ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡ ትራምፔት ነፊ ናቸው። አምሳ አለቃ እንላቸዋለን፤ ቀጭን በትር ይዘው ፊት ቆመው የሚመሩን እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤታችን የሆነችው የጅጋ ከተማ ማሲንቀኛ ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ኖታ አያነቡም፤ ሲምፎኒ የሚለውን ቃልም ከእኛ ነው የሰሙት። ሆኖም ከጅጋ እስከ ሽንዲ እሳቸው ያልዘፈኑለት ሙሽራ ጥቂት ስለሆነ፣ ገበያ መሀል ወንበር ስንዘረጋ ሰው የሚሰበሰበው የእኔን ቫዮሊን ብሎ አልነበረም።

የኦርኬስትራውን ልማድ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ጅጋ ገበያ ላይ የተጫወትን ዕለት፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ በስልኩ ድምፅ ቫዮሊኖቹን ስቃኝ ጋሼ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ የሚዘፍነው ስልኩ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ለምነው አንድ ስንኝ አስባሏት። በአፍረት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው ያለችው። ጋሼ የማሲንቋቸውን ክር ጠምዘዝ ላላ እያደረጉ ወደ ሴትዮዋ ጉሮሮ አመጡትና፣ እናንተም በዚህ ግቡ አሉን። ገባን። ያን ቀን ኦርኬስትራው በሙሉ በነጭ ሽንኩርት ሻጯ ድምፅ ተጫወተ፤ ሴትዮዋም ሽንኩርቷን ትታ እስከ መጨረሻው እንባዋን እየጠረገች ሰማችን።

ከዚያ ወዲህ በሄድንበት ሁሉ አንድ የአገሬው ሰው ድምፁን ያውሰናል፤ ማሲንቆው በእሱ ይቃኛል፣ ሌሎቻችን በማሲንቆው። አምሳ አለቃ ግን ያማርሩ ነበር። ትራምፔት ጎማ አይደለም፣ አይለጠጥም ይሉናል። የትራምፔቱን መሳቢያ ቧንቧ እስከሚችለው ስበው፣ አልሆን ሲል ከንፈራቸውን አንስተው በትራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። አማርረው የሚታዘዙ ሰው ናቸው።

እኔ ደግሞ አላማርርም፤ አፍራለሁ እንጂ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። አብረውኝ የተማሩት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ለብሰው ይጫወታሉ። ስልክ ሲደውሉልኝ ስለ ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ነግሬያቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊሰሙን ቡሬ እንደሚመጡ ተነገረን። ለመሰሎቻችን መሣሪያ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው ተባለ። እኔ ቼሎ ፈልጌ ነበር። ያሉን ሁለት ሲሆኑ አንደኛው ሆዱ ተሰንጥቆ አናጢ በኮላ የጠገነው ነው። ቼሎ፣ ቼሎ ስል እተኛለሁ፣ ቼሎ ስል እነሣለሁ። ለእንግዶቹ የምንጫወተው በትክክለኛው ቅኝት፣ ከትምህርት ቤቴ ባመጣሁት ኪቦርድ ነው ብዬ ወሰንሁ። ድምፅ ማዋስ የሚባለው ነገር ለገበያ ይሁን አልሁ።

ለጋሼ ስነግራቸው እሺ አሉ። እሺ ማለታቸውም እውነት ነበር። ኪቦርዱን ሰምተው ክሩን በልክ ይቃኙታል። ነገር ግን ዘፈናቸው ጋ ሲደርሱና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የግራ ጣታቸው ሳያውቁት ክሩን ወደ ራሳቸው ጉሮሮ ይጎትተዋል። ማሲንቆው ከሁላችን ወርዶ ለብቻው ይሄዳል። ጥጋብ አልነበረም፤ እጃቸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተከተለው ጉሮሮ ነው። ሦስት ሳምንት እንዲያ ሆንን። እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ጆሮ የለዎትም ወይ አልኋቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ቢቀሩስ ብዬ አምሳ አለቃን ለብቻቸው አማከርሁ። በትራቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡና፣ እሳቸው ከቀሩ እኔም ቡሬ አልሄድም አሉኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን እየሳቀ የነገረን ነገር ትዝ አለኝ። በውጭ አገር ተጫዋች ሲጎድል መጫወት የማይችል ሰው ወንበር እንዲሞላ ያስቀምጡታል፤ ድምፅ እንዳያወጣም የቀስቱን ጭራ ሳሙና ይቀቡታል ብሎን ነበር። የቫዮሊን ቀስትም ሆነ የማሲንቆ ደጋን የፈረስ ጭራው ሙጫ ካልነካ አይናገርም፤ ቅባት ከነካው ደግሞ ጨርሶ ዲዳ ነው።

ቡሬ የደረስነው የበርበሬ ሰሞን ነው። ከምንጫወትበት አዳራሽ ውጭ በርበሬው ተሰጥቶ ቀልቷል፣ በር በተከፈተ ቁጥር ያስለናል። ጠዋት ሁሉም ለቁርስ ወጡ። ጋሼ ደጀ ሰላም ደርሼ ልምጣ ብለው ማሲንቋቸውንና ደጋናቸውን ወንበራቸው ላይ ትተው ሄዱ። ይነካብኛል ብሎ የሚያስብ ሰው እንዲያ አይተውም። ከቦርሳዬ ቫዝሊን አወጣሁ። በጣቴ ዛቅ አድርጌ ጭራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ቀባሁትና፣ ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ቦታው መለስሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይኼን የምለው ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ስለነበር ነው።

ጋሼ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የሚቀመጡት። ስንጀምር ደጋኑን ሳቡት፤ ምንም የለም። ደግመው ሳቡት። ሙጫቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሹት፤ አልያዘም። ጭራውን በጣታቸው ነክተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና ዞር ብለው አዩኝ። እኔ የኖታዬን ገጽ ገለጥሁ።

አላቋረጡም። ቡድኑ የተሰበረ እንዳይመስል ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፅ የሌለው ደጋን ወዲያና ወዲህ ሲስቡ ቆዩ። ዘፈናቸው ሲደርስም ዘፈኑ። ማሲንቆው ዝም ስላለ ጉሮሯቸው የሚሰማው ኪቦርዱን ብቻ ሆኖ ድምፃቸው ከእሱ ጋር ልክ ገባ። ተንኮሌ ሠራ። ተጨበጨበልን።

ከእንግዶቹ አንዷ ሴትዮ መጥታ እጄን ጨበጠችና ድምፁን ዛሬ ያዋሰው ማን ነው አለችኝ። አንድ ሰው ጅጋ ገበያ ላይ ሰምቶን ነግሯቸው፣ የመጡት ያንን ሊያዩ ነበር። ዛሬ ሰዓት አጠረን ብዬ ዋሸኋት። ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ።

ይኼን ያህሉን በደል ሰው ይሸከመዋል፤ እኔም እሸከመው ነበር። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ ጠሩኝና ደጋናቸውን አሳዩኝ።

“ይኼ ተቀብቷል” አሉኝ ቀስ ብለው። “መተት ነው። ማን እንዳስደረገብኝም አውቀዋለሁ።”

ታናሽ ወንድማቸው ሽንዲ የሚኖር ማሲንቀኛ ነው። ሠላሳ ዓመት በየሰርጉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመቱ የኖሩ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ታላቁ ሳይጠሩ ታናሹ ተጠርቶ ሄዶ ቅሬታ ነበር፤ ትንሽ ቅሬታ፣ በአንድ ጥዋ ጠላ የሚያልቅ። ያን ጠዋት ደግሞ ወንድማቸውን ሊሰማ ከሽንዲ ቡሬ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ይኼን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

“አንቺስ ምን ትያለሽ? እሱ ይመስልሻል?”

“ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ” አልሁ።

ሁለት ቃል ነው። የነጠላዬ ጫፍ እንደ ወዛ ነው ያልሁት።

ጋሼ ማሲንቋቸውን ጠበል አስረጭተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ልምምድ መምጣት ተዉ። የተቀባ እጅ ይዤ ለሰው ሰርግ አልሄድም፣ የሙሽሮቹን ዕድል አበላሻለሁ አሉ። የወንድማቸው የመጀመሪያ ልጅ ስትዳር አልሄዱም፤ መልእክተኛውንም ከደጅ መለሱት። ሽንዲና ጅጋ ያወራው ይኼንኑ ብቻ ነው። ምክንያቱን ግን አንዱ ዓይነ ጥላ፣ ሌላው ቅናት ሲል ትክክለኛውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለት ቼሎ መጣልን። አንዱን ለአንዲት ጀማሪ ልጅ ስሰጥ ከቀኜ ካለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጥኋት፤ ልጅቷ ስትስብ ደህና ድምፅ አለው። እኔ ቫዝሊን መቀባት ተውሁ። እጄ በጥር ደረቅ ነፋስ ተሰነጣጥቆ ክር ስነካ ያመኝ ነበር፤ ይኼን እንደ ንስሐ ቆጥሬው ነበር፤ ምን ዓይነት ርካሽ ንስሐ ነው። አንዴ ልናገር ጅጋ ድረስ ሄጄ፣ በራቸው ላይ ደርሼ እንዴት ዋሉ ብዬ ተመልሻለሁ። ሌላ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ በልቤ እፎይ ብዬ ነበር። መንገዱ ሲከፈትም ሳምንት ይለፍ እላለሁ። እንዲያ እያልሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ቀና ስል ታናሽ ወንድማቸው ከጆንያዎቹ መሀል ተቀምጦ አየሁት። ጃንጥላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ልምምዱ እስኪያልቅ ሰማን። ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ወንድሙ ለምን እንደተቀየመው አያውቅም። ሰው ልኮ አልተመለሰለትም፤ በልጁ ሰርግ ላይ ጎኑ ባዶ ሆኖ ብቻውን መትቷል።

“ሽማግሌ ሁኚልኝ” አለኝ። “ሴት ሽማግሌ ወግ አይደለም እንዳትይኝ። እሱ አንቺን ይሰማል፤ ሁልጊዜም ስለ አንቺ ነው የሚያወራው።”

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ጆንያውም፣ ነቀዙም፣ ማንም አልከለከለኝም። እኔ ግን እሺ አልሁ። አምሳ አለቃም ሽማግሌ ሆኑ፤ ሦስተኛው የጅጋው ደብር ቄስ ነበሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ወይራው ሥር ተቀመጥን። ጋሼ ከስተዋል። ደጋኑን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጥተው ነበር፤ ለቄሱ ፈትተው አሳዩ። ጭራው ተጣብቆ፣ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። በዚህ ወንድሜ አስመትቶብኛል፣ እንጀራዬን ዘግቶታል አሉ። ታናሽየው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ነኝ ወይ የማስመትተው ይላል፣ መልሶ እኔ ነኝ ወይ ይላል፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ቄሱ ብዙ መከሩ። አምሳ አለቃም ጭራን የሚያበላሽ ነገር ብዙ ነው አሉ። ጋሼ ግን በአንድ ነገር ጸኑ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ አላደረግሁም ብሎ ይማልልኝ፣ እኔም ይቅር እላለሁ አሉ።

መሐላ በእኛ አገር እውነት ለያዘም ሰው ቀላል አይደለም። በሐቅ የማለም ቢሆን አፉን ያደፈ ይመስለዋል፤ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ለልጁ ይፈራል። ታናሽየው ዝም አለ። ጋሼ ወደ እኛ ዞረው አያችሁት አይደል አሉ። ይኼን ሲሰማ ተነሣ። ጫማውን አወለቀ፤ አንዱን ሲያወልቅ ሚዛኑን ስቶ የወይራውን ግንድ ያዘ፤ ከዚያ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር መራመድ ጀመረ። የእግሩ መዳፍ ነጭ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱን ሳይ አልቻልሁም።

“አይማል” አልሁ። “የቀባሁት እኔ ነኝ።”

መጀመሪያ የሰማኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ደገምሁት። ጋሼ ደጋኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ምን ቀባሽው?”

“ቫዝሊን። ከቦርሳዬ አውጥቼ።”

“የእጅ ቅባት?”

“አዎ፣ ጋሼ። ለእንግዶቹ ማሲንቆዎ እንዳይሰማ ብዬ ነው።”

አምሳ አለቃ ፊታቸውን አዞሩ። ታናሽየው ጫማውን በእጁ እንደያዘ ባለበት ቆመ። ጋሼ ደጋኑን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር፤ ሲጮሁብኝ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

“መቀባቱስ ይሁን” አሉ በመጨረሻ። “ቅባት ይታጠባል። ያን ዕለት ግን እሱ ይመስልሻል ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ፣ ልጄ ነሽ ብዬ። በአንቺ አፍ ነው የወንድሜን ልጅ ሰርግ የቀረሁት።”

ጋሼ ተነሥተው ወደ ታናሽ ወንድማቸው ሄዱና እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ታላቅ ለታናሽ። ታናሽየው ጫማውን ጥሎ በሁለት እጁ ትከሻቸውን ይዞ አስቀራቸው። ሁለቱም አለቀሱ። ጋሼ ጎንበስ ያሉበት ጥፋት የእኔ ሆኖ ሳለ እኔ እንደተቀመጥሁ ነበርሁ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ነው።

ቄሱ ካሳው ምን ይሁን አሏቸው። ጋሼ ገንዘብ አልፈለጉም። ነገሩ ቡሬ ላይ ነው የተደረገው፤ ቡሬ ላይ በሰው ፊት ትናገረው፤ የዚያን ቀን ድምፅ የምታውሰንም እሷ ትሁን አሉ። ከዚያም ይቅር ብዬሻለሁ አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምሁ።

ቡሬ የሄድነው በዚህ ዓመት፣ በርበሬው ሲለቀም ነው። አዳራሹ ያው ነው፤ ደረጃ ላይ የተቀመጡ ሁሉ ነበሩ። ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ፣ ሁለቱን ቃል ጭምር ተናገርሁ። ማንም አልጮኸብኝም። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ይኼም በቃኝ። ከዚያ ድምፄን አዋስሁ። በሰው ፊት ብቻዬን ዘፍኜ አላውቅም፤ የወጣልኝ ዝቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነበር። ጋሼ ማሲንቋቸውን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ ራሳቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ ክሩን ላላ፣ ላላ እያደረጉ ፈለጉኝ። በአንድም ገበያ እንዲያ ዝቅ ብለን ተቃኝተን አናውቅም። ወንድማቸው በማሲንቆው ተከተላቸው፣ ቫዮሊኖቹ ተከተሉ፣ ቼሎዎቹ ተከተሉ። አምሳ አለቃ መሳቢያውን እስከ ጫፍ ሳቡ፤ አልደረሰላቸውም፤ በትራቸውን አነሡ።

ጋሼ አሁን በቀኜ አይቀመጡም። ከወንድማቸው ጎን ናቸው፤ ቦታቸው እዚያ ነው፣ ቅር አላለኝም። ለደጋኑ አዲስ የፈረስ ጭራ ያሰረላቸውም ወንድማቸው ነው። ስንጨርስ የቡሬ ሰዎች ምሳ ጋበዙን፤ ሁላችንም መሣሪያችንን ወንበራችን ላይ እየተውን ወጣን። ጋሼም ማሲንቋቸውን ወንበራቸው ላይ አስቀመጡ። ደጋኑን ግን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። እኔ ልጠብቅልዎ ልላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ።

ማዕዱ ላይ ከጋሼ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጎረሱ፣ ሳቁ፣ ለእኔም በእጃቸው አጎረሱኝ። ደጋኑ እስከ መጨረሻው በግራ ብብታቸው ሥር ነበር።